ለጥንት ገንዘብ ሰብሳቢው ልጄ

ልጄ፣ አዲስ አበባ ወርደህ የሮም ነሐስ ገዝተህ መጣህ ሲሉኝ ደስ አለኝ፤ ከምስማርና ከተሰበረ ቁልፍ ጋር በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከተትከው ሲሉኝ ግን ደስታዬ ተሸራረፈ። ፍቅሩ እንዳለህ አያጠራጥርም። የጎደለህ ጥንቃቄው ነው፤ እሱ ደግሞ ከሰው የሚወሰድ ነገር ነው። እኔ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ላይ ተቀምጬ ብርና ነሐስ ሳገላብጥ ፀጉሬ ሸብቷል። አሁን ዓይኔ ትንንሹን ፊደል እንደ ድሮው አይለይልኝም፤ እጄ ግን ገና ይጽፋልና የማውቀውን በተራ ቁጥር አድርጌ ልተውልህ። አንድ ጊዜ አንብበህ መሳቢያ ውስጥ እንዳትጥለው።

1. ከደጅህ ጀምር። ከግሪክና ከሮም በፊት የአያትህን ሣጥን እወቅ። በእኛ አገር ሣጥን ውስጥ ጠገራ ብር አይጠፋም። የምኒልክ ብር፣ አላድና ሩብም አልፎ አልፎ ብቅ ይላል። የጃንሆይ ሽልንግና ስሙኒ፣ የደርግ ሳንቲም ደግሞ ልጆች መጫወቻ ካደረጉት ውስጥ ሳይቀር ይገኛል። ንቀህ አትለፋቸው። የጃንሆይን ስሙኒ አንሣና ጠርዙን በጣትህ ዳብሰው፤ ወጣ ገባ ነው። መጀመሪያ 1936 ዓ.ም. የሚል ተጽፎበት ሲወጣ እንደ ሌላው ክብ ነበር። ብልጣብልጦች የብር ቅብ እየቀቡ «ሽልንግ ነው» እያሉ ስላዞሩት ነው ጠርዙ እንዲያ የተደረገው፤ ሽልንጉ እውነተኛ ብር ነበረና። የደርጉን አንድ ሳንቲም ገልብጠው፤ ጥንድ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ ታያለህ። አሥር ሳንቲሙ ላይ ደጋ አጋዘን ቆሟል። እነዚህን በትንሽ ገንዘብ አሟልተህ ስትይዝ ዓይንህ ይሠለጥናል፤ ዓይኑ የሠለጠነን ሰው ደግሞ የሩቅ አገር ነጋዴም በቀላሉ አይሸነግለውም።

2. ተጽፎ ያየኸውን ዓመት ወዲያው አትመን። አንድ ቀን ጠገራ ይዘህ መጥተህ «የ1780 ናት፣ ሁለት መቶ ዓመት አልፏታል» ያልከኝን አልረሳሁም። ልጄ፣ እዚህ አገር የምታገኛት ጠገራ ሁሉ ማለት ይቻላል 1780 ትላለች። ጠገራዋ ላይ መልኳ ያለው የኦስትሪያ እቴጌ ማሪያ ትሬዛ የሞተችው በዚያ ዓመት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ ከሞተች በኋላ የተመታው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ወጣ። ነጋዴው ለምዶት ስለነበር ዓመቱን የቀየረ ሰው ገበያ ያጣ ነበር። ቪየና ስትመታት ኖራለች። ፋሺስት ጣሊያን አገራችንን ለመውረር ሲያኮበኩብ እ.ኤ.አ. በ1935 የመምቻውን ቅርጽ ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ላይ መታት። እንግሊዞችም በተራቸው ለንደንና ቦምቤይ ላይ መቷት። እንግዲህ በአንድ ሣጥን ጎን ለጎን የተኙ ሁለት ጠገራዎች አንዷ ከዐፄ ቴዎድሮስ በፊት የመጣች፣ ሌላዋ ከወራሪ ጦር ስንቅ ጋር የገባች ልትሆን ትችላለች። ዓመቱ አይለያቸውም። የሚለያቸው የፀጉሯ አሠራር፣ የንስሩ ጭራ ላባ፣ የነጥቦቹ አቀማመጥ ነው፤ ይህ ደግሞ ማጉያ መነጽርና ትዕግሥት ይፈልጋል።

አባቶቻችን ያለ መነጽርም መለየቱን ያውቁ ነበር። ነጋዴው የእቴጌዪቱን ዘውድና የትከሻዋን ጌጥ ሉል አንድ በአንድ ይቆጥራል፤ ከደረቷ በታች ኤስና ኤፍ የሚባሉትን ሁለት የላቲን ፊደሎች ይፈልጋል፤ ሉሉ ከተፋቀ «አልቀበልም» ይላል። አንተም እንደዚያው አድርግ። ከዚያ መዝናት፤ ከ28 ግራም ብዙ ከራቀች ጠርጥር። ጠርዟ ላይ ጎላ ብሎ የወጣ የላቲን ጽሑፍ ይዞራል፣ ፍትሕና ምሕረት ይላል። ጠርዟ ልሙጥ የሆነች ጠገራ ወይ ተሞርዳለች ወይ ሐሰተኛ ናት።

የምኒልክ ብር ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። መጀመሪያ የወጣው ፲፰፻፹፯ ይላል፤ ይህ የእኛ ዓመተ ምሕረት ነው። ፓሪስ ላይ የተመታው በፈረንጆቹ 1894 ገደማ መሆኑ ነው። ለውጭ ሰው ስትጽፍ ሁለቱንም አቆጣጠር አስቀምጥ። የጃንሆይ ሳንቲሞችም እንደ ጠገራዋ ናቸው፤ 1936 ሳይለወጥ ለብዙ ዓመት ተመትተዋል። በነገራችን ላይ የምኒልክን ብር ስታይ የአንበሳውን የፊት እግር ልብ በል፤ በአንዳንዱ ግራውን፣ በአንዳንዱ ቀኙን አንሥቷል። ይህን ሳይለዩ ብዙ ዓመት የሰበሰቡ ሰዎች አውቃለሁ።

3. አትጠብ፣ አትፈትግ፣ አታብረቅርቅ። በዚህ ላይ ቀልድ የለኝም። ሎሚ፣ አመድ፣ አሸዋ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ኮካ ኮላ፣ ሰው ያልሞከረው የለም። ሳንቲሙ ለአንድ ሳምንት ያብለጨልጫል፤ ከዚያ እንደ ተላጠ ድንች ሆኖ ይቀራል። ብር ላይ የሚያርፈው ጥቁረት፣ ነሐስ ላይ የሚወጣው አረንጓዴና ቡናማ ቆዳ በዘመናት የተሠራ መከላከያ ነው፤ ፊደሉም ሥዕሉም ያለው እዚያ ላይ ነው። የአክሱም ነሐስ ላይ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። አክሱማውያን በብርና በነሐስ ሳንቲሞቻቸው ላይ ወርቅ ይለብጡ ነበር፤ ከንጉሡ ራስ ኋላ ወይም በመስቀሉ መካከል የጤፍ ቅንጣት የምታህል ወርቅ ታገኛለህ። በጥንቱ ዓለም እንዲህ ያደረገ ሌላ መንግሥት አይገኝም። በብረት ብሩሽ ሁለት ጊዜ ብትፈትገው ያቺ ወርቅ ከአቧራው ጋር ትጠረጋለች፣ አንተም ምን እንዳጠፋህ አታውቅም።

ጭቃ ካለበት በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ በቀስታ አራግፈው፤ አልለቅ ካለ ተወው። ባለሙያ እስኪያገኝ ከነጭቃው ይቆይ። ጭቃውን አይቶ ሳንቲሙ ከየት እንደመጣ የሚናገር ሰው አለ።

4. በጠርዙ ያዘው። የእጅህ ላብ ጨው አለው። ስታሳይም ስታይም ከታችህ ባና ወይም ፎጣ አንጥፍ።

5. ከእርጥበት አርቀው። የመንዝን ክረምት ታውቀዋለህ፤ ጉሙ ቤት ገብቶ ከእኛ ጋር ያድራል። ነሐስ ላይ ነጣ ያለ አረንጓዴ ዱቄት ብቅ ካለ በሽታ ነው። በብረቱ ውስጥ የቀረ ጨው እርጥበት ሲያገኝ ነሐሱን እየበላው ነው ማለት ነው። ያን ሳንቲም ወዲያው ከሌሎቹ ለየው፣ በደረቅ ቦታ አስቀምጠው። ከአዲስ ጫማ ሣጥን ውስጥ የምትወጣውን እርጥበት መጣጭ ትንሽ ከረጢት አትጣላት፤ ሳንቲሞችህ ባሉበት ሣጥን ውስጥ አኑራት። ለስላሳው የላስቲክ ኪስ እያደር ያልበዋል፣ ብሩንም አረንጓዴ ያደርገዋል፤ በወረቀት ፖስታ እየለየህ ማስቀመጥ ይሻልሃል። አሞሌ ካለህ ከሁሉም ራቅ አድርገው። አሞሌ ጨው ነው፤ እርጥበት ይስባል፣ ብረትም ይበላል። አልዩ አምባ ገበያ ላይ ከጠገራ ጋር ጎን ለጎን ሲመነዘር የኖረ ነገር ነው፣ በአንድ ሣጥን ግን አይስማሙም።

6. ከሽማግሌ ቤት ስትገዛ ዋጋውን አንተ ንገራቸው። አንዲት እናት ከሣጥናቸው ግርጌ ጠገራ አውጥተው ሲያሳዩህ ዋጋዋን የማያውቁት እሳቸው ናቸው፣ የምታውቀው አንተ ነህ። በአንድ ጠገራ ውስጥ 23 ግራም ያህል ንጹሕ ብር አለ። የዕለቱን የብር ዋጋ ጠይቀህ ሂድ፤ ከዚያ በታች አትስጥ። «አያውቁም» ብለህ በእንቁላል ዋጋ ከወሰድክ ወሬው ከአንተ ቀድሞ ሞላሌ ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም ሣጥን አይከፍትልህም። ደግሞ ሁሉም አይሸጥም። ለተዝካራቸው ያስቀመጡት፣ ከእናታቸው የወረሱት፣ ለልጅ ልጃቸው የተናዘዙት ይኖራል። እንደዚያ ሲሉህ አትጎትጉታቸው። ፎቶ ላንሣ በል፣ ታሪኩን ጠይቅ፣ ቡናውን ጠጥተህ አመስግነህ ውጣ። ሳንቲሟ እዚያው ሆና ታሪኳ ደብተርህ ላይ ከሰፈረ ያንተ ሥራ ተሠርቷል።

ስትጠይቅ «ስንት ዓመቱ ነው?» አትበል፤ አይታወቅም። «ማን ሰጠዎት? በምን ምክንያት? አንገትዎ ላይ ነበር ወይስ በመቀነት?» በል። መልሱ እዚያ አለ።

7. ቀዳዳውን አትድፈን፣ ቀለበቱን አትንቀል። የውጭ ሰብሳቢዎች የተበሳ ሳንቲም «ተበላሽቷል» ይላሉ። ለእነሱ ይሁንላቸው። የእኛን አገር ጠገራ አንዷን በእጅህ ያዝ፤ ከእቴጌዪቱ ራስ በላይ ትንሽ ቀለበት ተበይዳለች። አፍንጫዋና ጉንጯ ተፍቆ ልሙጥ ሆኗል። ጀርባውን ስትገለብጠው ግን የባለ ሁለት ራሱ ንስር ክንፍ ላባ በላባ ይቆጠራል። አንዱ ወገን ብቻ በቀሚስ ሲታሽ ኖሯል። በእጅ በእጅ እየዞረች ያረጀች ጠገራ ሁለቱም ወገኗ እኩል ይፋቃል፤ ይህቺ ግን ከገበያ ወጥታ አንገት ላይ የዋለች ናት። ቀለበቱን ነቅለህ ቀዳዳውን ብታስደፍን ለሸቀጥ ብለህ የአንዲትን ሴት ዕድሜ ትፍቃለህ። አንጥረኞቻችን ስንቱን ጠገራ አቅልጠው የአንገት መስቀል፣ አልቦና ድሪ እንዳደረጉት አስብ፤ ሳይቀልጡ የተረፉት ቀለበት የተበየደላቸው ናቸው ብል ብዙ አልተሳሳትኩም።

8. አትቆፍር። ማንም ቢያባብልህ፣ «እዚህ ወርቅ አለ» ቢልህ፣ ጉድጓድ አጠገብ አትገኝ። አክሱም አካባቢ ዝናብ መሬቱን ካጠበ በኋላ የጥንት ሳንቲም ማሳ ላይ ብቅ እንደሚል ሰምተህ ይሆናል፤ እውነት ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ግን በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው ማስታወቅና ሳይነካካ መጠበቅ አለበት። ያለ ፈቃድ መቆፈርም፣ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም ክልክል ነው። ገበሬ አጎትህ በማረሻው ጫፍ አንድ ነገር ቢያወጣ የወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሩቅ አይደለም።

ሕጉን ፈርተህ ብቻ እንዳትተወው፤ ምክንያቱን ልንገርህ። ሰንዓፈ አጠገብ መጠራ በምትባል የጥንት ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ አንፍሬ ሲቆፍር አንድ የነሐስ ዕቃ አገኘ። ውስጡ የወርቅ ሰንሰለት፣ ዶቃ፣ መስቀሎችና 14 የሮም ወርቅ ሳንቲሞች ነበሩ። ሳንቲሞቹ በሁለተኛውና በሦስተኛው መቶ ዓመት አካባቢ የነገሡ ቄሣሮች ያስመቷቸው ናቸው። እስቲ አስበው፤ አንድ ሌባ ሳንቲሞቹን ብቻ ወስዶ ሸጧቸው ቢሆን ኖሮ ገዢው «እዚያ ቦታ በሁለተኛው መቶ ዓመት ሀብት ተቀበረ» ይል ነበር። መስቀሎቹ ግን አብረው አሉ። መስቀል በዚያ አገር ክርስትናን ከተቀበለው ከንጉሥ ኢዛና ዘመን በፊት የለም። ስለዚህ ዕቃው የተቀበረው ከሳንቲሞቹ ብዙ ዘግይቶ ነው፤ የሮም ወርቅ ለዘመናት ተጠብቆ ከጌጥ ጋር ኖሯል ማለት ነው፣ ልክ እንደ እኛ ጠገራ። ይህን የነገረን ሳንቲሞቹ ብቻቸውን አይደሉም፤ አጠገባቸው የነበረው ነው።

ደብረ ዳሞም እንደዚሁ ሆነ። ገዳሙ ካለበት አምባ እ.ኤ.አ. በ1940 ገደማ ከመቶ በላይ የወርቅ ሳንቲሞች ተገኙ፤ የሰሜን ሕንድ ገዢዎች የነበሩት የኩሻን ነገሥታት ወርቅ ነው። አቡነ አረጋዊ ደብሩን ከመመሥረታቸው ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የሚቀድም ገንዘብ እዚያ ምን ያደርጋል? ስለ እነሱ የምናውቀው ጣሊያናዊው አንቶኒዮ ሞርዲኒ ጽፎ ያስቀረውን ነው። ባይጽፍ ኖሮ ሕንድ ከአክሱም ጋር ስትነግድ ለመኖሯ እንዲህ ያለ ምስክር በእጃችን ባልነበረ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።

9. ፊደል ተማር፤ ግዕዙ በእጅህ ነው። የሌላ አገር ሰብሳቢ ዓመት የሚፈጅበትን አንተ ከመርጌታ ዘንድ በአንድ ክረምት ትጨርሰዋለህ። የአክሱም ገንዘብ በሦስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ በንጉሥ ኢንዱቢስ ተጀመረ፤ በወርቅ፣ በብርና በነሐስ። ጽሑፉ መጀመሪያ በግሪክ ነበር። ወዜባ የሚባለው ንጉሥ በግዕዝ አስጻፈ። ኢዛና ከመጠመቁ በፊት በመታው ላይ ጨረቃና ክብ አለ፤ ከተጠመቀ በኋላ በቦታው መስቀል ገባ። ከአርማህ በኋላ ደግሞ አክሱም ገንዘብ መምታት አቆመች። የአርማህ ነሐስ ላይ «ፍሥሓ ለይኩን ለአሕዛብ» የሚል አለ፤ ለሕዝቡ ደስታ ይሁን ማለቱ ነው። በሳንቲሙ ላይ ግን ፊደሉ ቅጥያ የለውም፣ ሁሉም በግዕዝ ቤት የተጻፈ ነው፤ ስለዚህ ስታነብ ልብህ ያሟላል። ከእነዚህ ነገሥታት አንዳንዶቹን ስማቸውን ያወቅነው ከሳንቲማቸው ብቻ ነው፤ አንድም ድንጋይ፣ አንድም ብራና ስለ እነሱ አይናገርም።

ግሪኩንም አትፍራ። የግዕዝ ቁጥሮቻችን ከግሪክ ፊደል የመጡ ናቸው። ፩ን ከአልፋ፣ ፪ን ከቤታ ጎን ጽፈህ ተመልከታቸው፤ ዘመድነታቸው ፊት ለፊት ይታይሃል። ሃያ አራቱን ትልልቅ ፊደሎች ካወቅክ ከአክሱምም፣ ከእስክንድርያም፣ ከአንጾኪያም የመጣ ገንዘብ ላይ የንጉሡን ስም መፈለግ ትችላለህ።

10. የሩቅ አገር ገንዘብ ስትይዝ ከእኛ ጋር የሚያገናኘውን ክር ፈልግ። የሮም ሳንቲም ስለሆነ ብቻ አይደለም ዋጋ ያለው። በአንደኛው መቶ ዓመት ስለ ቀይ ባሕር ንግድ የጻፈ አንድ የግሪክ ነጋዴ ወደ አዱሊስ ወደብ የሚገባውን ዕቃ ሲዘረዝር፣ እዚያ ለተቀመጡ የውጭ ሰዎች የሚሆን ጥቂት የሮም ገንዘብም ይገባል ይላል። አክሱም የራሷን ስትመታ የወርቋን ሚዛን ከሮም ሚዛን ጋር አስተካከለችው፤ ነጋዴው ያለ ክርክር እንዲቀበላት ነው። መልኩን ግን አልቀዳችም። በወርቁ በሁለቱም ወገን የራሷን ንጉሥ አስቀመጠች፣ በሁለት የእህል ዛላ አቅፋ። ሊቃውንቱ ስንዴ ነው ገብስ ነው ይላሉ፤ እኔ መንዜ ነኝና ገብስ ነው እላለሁ።

ኬልቶች ደግሞ ሌላ መንገድ ሄዱ። በምዕራብና በመካከለኛው አውሮፓ የነበሩ ሕዝቦች ናቸው። የመቄዶንያው ፊሊጶስ የመታውን ወርቅ፣ በአንድ ወገን የአጵሎን ራስ፣ በሌላው ሁለት ፈረስ የሚጎትቱት ሠረገላ ያለበትን፣ እየቀዱ መቱ። ቀጂው ከቀጂ እየቀዳ ትውልድ ሲያልፍ ሠረገላው ተበትኖ ጎማው በአንድ በኩል፣ የፈረሱ እግር በሌላ በኩል ቀረ። የሚያውቁ ሰዎች ይህን እንደ ጉድለት አያዩትም፤ የራሳቸው ጥበብ ነው ይላሉ፣ ሳየው እኔም ይገባኛል። ሦስቱን፣ ሮምን፣ አክሱምንና ኬልቶችን፣ ጎን ለጎን ብታስቀምጥ አንድ ሕዝብ ከሌላው ሲበደር ምን ወስዶ ምን እንደሚተው ታያለህ። ለዚህ ደግሞ እውነተኛውን ወርቅ መግዛት አያስፈልግህም፤ ጥሩ ሥዕል ይበቃል።

ውጭ ያለ ዘመድህ ልግዛልህ ካለህ ደረሰኝና የቀድሞ ባለቤት ታሪክ ያለውን ብቻ በል። ሐሰተኛው ብዙ ነው። በቅርጽ ተፈስሶ የተሠራው ላይ ትንንሽ የአየር ቀዳዳዎች ይታያሉ፤ ጠርዙ ላይ ሁለቱ ግማሾች የተገናኙበት መስመር ይኖራል። ሁለት ሳንቲሞች አንድ ዓይነት ጭረት በአንድ ዓይነት ቦታ ካላቸው ሁለቱም ከአንድ እናት የተቀዱ ናቸው። አክሱም የሄደ ሰው በመንገድ ላይ ልጆች «የኢዛና ነው» ብለው የሚሸጡለት ነገር ሐሰት ከሆነ ገንዘቡን ያጣል፤ እውነት ከሆነ ደግሞ ከሕግ ጋር ይጣላል። ስለዚህ አትግዛ።

11. ዕውቀቱን አካፍል፣ ቦታውን ሰውር። ያየኸውን ሁሉ ብቻህን ታቅፈህ አትቀመጥ። ትምህርት ቤቱ ሲፈቅድልህ የደርጉንና የጃንሆይን ሳንቲሞች ይዘህ ግባ፤ ልጆቹ ይንኩት፣ ይመዝኑት፣ በወረቀት ላይ በእርሳስ ፈትገው ሥዕሉን ያውጡት። ጠገራዋን አንተ ይዘህ አሳያቸው። ሁለት ያለህን ከሌላ ሰብሳቢ ጋር ተለዋወጥ፣ ጉድለቱን አስቀድመህ እየነገርህ። «ይህቺ ጠርዟ ተሞርዷል» ያለ ሰው ሁለተኛ ጊዜ ይፈለጋል። ፎቶ ስታነሣ ሁለቱንም ወገን፣ ብርሃኑን ከጎን አድርገህ፣ ማስመሪያ አጠገቡ አኑረህ አንሣ። አንድ ሳንቲም ከመሬት የወጣበትን ማሳና አምባ ግን ለጽሕፈት ቤቱና ለተመራማሪ ብቻ ንገር። ስሙን በየሰው ፊት ከጠራኸው በማግስቱ አካፋ የያዘ ሰው እዚያ ይደርሳል። የቤትህንም ሣጥን እንዲሁ፤ ምን እንዳለህ ሰው ይወቅ፣ የት እንዳለ አይወቅ።

አዲስ አበባ ስትሄድ ብሔራዊ ሙዚየምን፣ ስድስት ኪሎ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየምን ሳታይ አትመለስ። መጽሐፍ ካሻህ ደግሞ ስለ አክሱም ገንዘብ በሰፊው የጻፈውን የስቱዋርት መንሮ ሄይን ሥራ ፈልግ፤ ስለ ጠገራና አሞሌ ታሪክ ሪቻርድ ፓንክረስት ብዙ ደክመዋል።

12. ደብተር ያዝ። ከሁሉም በላይ ይህን ነው የምለምንህ፣ ሁሉም የሚሰንፈውም በዚህ ነው። ለእያንዳንዱ ሳንቲም ቁጥር ስጠው፣ ፖስታው ላይም ደብተሩ ላይም ያንኑ ቁጥር ጻፍ። ከዚያ ክብደቱን በግራም፣ ስፋቱን በሚሊሜትር፣ በሁለቱም ወገን ያለውን፣ ጠርዙን፣ ቀዳዳ ወይም ቀለበት ካለው እሱን፣ ከማን በስንት ዋጋ በየትኛው ቀን እንዳገኘኸውና ሰውየው ስለ እሱ የነገረህን አስፍር። የነገረህን በራሱ አነጋገር ጻፈው፤ አታሳምረው። «አባቴ ከየጁ ሲመለስ ያመጣት ናት» ካለ እንዲያው እንዳለ ይቀመጥ። ጠገራ ከዚህ በላይ ሌላ የልደት ወረቀት የላትም።

ደብተሩ ለአንተ ብቻ አይደለም። ነገ አንተ በሌለህበት ቤተሰብህ ሣጥኑን ሲከፍት የምኒልክን አላድና ተራ ብረት አይለይም፤ ሁሉንም በኪሎ ለአንጥረኛ ይሰጠዋል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ በደብተሩ መጨረሻ ገጽ የትኛው ለማን እንደሚሆን፣ የትኛው ለሙዚየም እንደሚሄድ ጽፈህ ፈርም፣ ለሚስትህም ወይም ለወንድምህ አሳይ። ሚዛን ከሌለህ የወርቅ ቤቶች የሚይዟት ዓይነት ትንሽ ዲጂታል ሚዛን አለችኝና ተዋሰኝ፤ ባትሪዋን ግን አንተ ግዛ።